ሩዶልፍ ዲዝልና ያለ ብልጭታ የሚነሣው ሞተር

ከባድ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ኳኳታው ከሩቅ ይሰማል፤ የቤንዚን መኪና ድምፅ ግን ለስለስ ያለ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሞተሮቹ አሠራር ነው። ባለ ኳኳታውን ሞተር ያስገኘው ሰው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል።

ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አባቱ የቆዳ ዕቃ እየሠራ ይኖር ነበር። በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ቤተ ሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ሩዶልፍም ገና በ12 ዓመቱ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ወደሚኖር የሒሳብ መምህር ዘመዱ ተላከ። በዚያም በትምህርት ተግቶ፥ በ1880 ዓ.ም. ከሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በታላቅ ማዕርግ ተመረቀ።

ተማሪ ሳለ መምህሩ ካርል ፎን ሊንደ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር፥ ከድንጋይ ከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ሰማ። የቀረው በከንቱ ይባክናል። ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም።

ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ዓ.ም. የሠራው ሞተር ጋዝና አየር ቀላቅሎ ካመቀ በኋላ በእሳት ያቀጣጥል ነበር። የቤንዚን ሞተርም የዚሁ ዘር ሲሆን የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ዲዝል ግን ሌላ መንገድ አሰበ። አየር ሲታመቅ እንደሚግል የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ብቻ አጥብቆ አምቆ፥ ነዳጁን በመጨረሻ ቢረጭበት፥ ከግለቱ የተነሣ በራሱ ይቀጣጠላል። ነዳጁ እንደ ገባ ወዲያው ስለማይነድ፥ በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ግፊቱም በድንገት ከፍ ብሎ ብረቱን ይመታዋል። ኳኳታው ይህ ነው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፤ በብረት መሥራቱ ግን ከባድ ሆነ። በ1893 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ፋብሪካ የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለሕይወቱ አስጊ ሆነ። በ1894 ዓ.ም. ሞተሩ በራሱ ኃይል የሠራው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዲዝል ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በ1897 ዓ.ም. የ20 ፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተሩ ሲመረመር፥ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጁን ወደ ሥራ መለወጡ ተረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ ሀብትና ዝና አገኘ፤ በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ታላቁ ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን የመብት ክርክር፥ ሕመምና ያልተሳካ ንግድ ሀብቱን በዕዳ ዋጡት። መስከረም 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ከአንትዌርፕ ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ተሳፈረ፤ በማግስቱ ግን በክፍሉ አልተገኘም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሬሳው በባሕር ላይ ተገኘ፤ ልጁም በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች አይቶ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። አሟሟቱ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም።

ሥራው ግን አልጠፋም። ታላላቅ የጭነት መርከቦች የሚበዙት ዛሬም በእርሱ ዓይነት ሞተር ይነዳሉ። ጢሱ ጤናን ስለሚጐዳና ድምፁ ስለሚያውክ፥ መሐንዲሶች ማጣሪያ እየጨመሩ፥ ነዳጁንም በጥቂት በጥቂቱ እየረጩ ጉድለቱን ያቃልላሉ። ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች ሆይ፥ በክፍል ውስጥ የተሰማች አንዲት ቍጥር፥ በልቡ ለያዛት ተማሪ የዕድሜ ልክ ሥራ እንደምትሆን ከዚህ ሰው ታሪክ እንማር።