ለሐኪም ወርቅነህ አማርኛ የውጭ ቋንቋ ነበር

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በአንድ መስመር ነው፦ በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። እኔን ግን ከሕክምናው በላይ የሚገርመኝ የቋንቋቸው ነገር ነው። እኚህ ሰው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ አማርኛ አያውቁም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃኑ ወርቅነህ ከቤተሰቡ ተለያይቶ በመኮንኖቹ እጅ ገባ። ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔል ወደ ሕንድ ወሰደው። ኋላም ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪውን ቻለ። ስሙም ቻርለስ ማርቲን ሆኖ ቀረ። ላሆር ሕክምና ተምረው ተመረቁ፤ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ በርማም በእንግሊዞች ሥር በሐኪምነት ሠሩ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ግን የትውልድ ሀገራቸው ነገር አላስቀምጥ አላቸው። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገብተው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። ወሬውን የሰሙት አያታቸው መጡና በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን መልሰው ያገኙት ያኔ ነው።

እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። 35 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ሁለት አህጉር ላይ የተማሩ ሐኪም ናቸው። ግን የገዛ አያታቸው ሲያናግሯቸው ያለ አስተርጓሚ አይገባቸውም። ያ ሁሉ እውቀት ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፤ መውጫ በሩ ግን ተዘግቷል። ቋንቋውን ባለማወቃቸው ሰነፍ ናቸው የሚላቸው ሰው ይኖራል? አይኖርም። ከዜሮ ተነስተው፣ በጎልማሳ ዕድሜያቸው፣ አማርኛ መማር ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል። ወደ በርማ ተመልሰው ዳግም ከመጡ በኋላ ሥራቸው ከሕክምና አልፎ ወደ ትምህርት አዘነበለ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ነፃ ለወጡ ባሪያዎች ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ።

እዚች መጽሐፍ ላይ ቆም እንበል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዘመናዊው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነበር። ለእሳቸው ከሁሉም የሚቀልላቸው እንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ግን ለልጆቹ የሚቀልለውን መረጡ። ለምን ይሆን? የእኔ ግምት ቀላል ነው፦ ቋንቋ አጥሮት ዝም ያለ ሰው ጭንቅላቱ ባዶ እንዳልሆነ ከራሳቸው ያውቁታል።

ዛሬ ደምበል አካባቢ ካፌ ብትገቡ ስልኩ ላይ ጀርመንኛ ወይም ዐረብኛ ቃል የሚሸመድድ ወጣት አታጡም። ቪዛ ለማግኘት ነው፣ ለትምህርት ነው፣ ለሥራ ነው። ውጭ ሀገር ሄዶ የተማረ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት። እዚህ ክፍሉን ሲያስቅ የነበረው ልጅ እዚያ ለወራት ዝምተኛ ይሆናል፤ ቀልድ ሲገባው ሌላው ስቆ ጨርሷል። በሒሳብ ጎበዝ ሆኖ የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር ለመረዳት ብቻ ሰዓቱ ያልቅበታል።

የእኛ ተማሪዎች ደግሞ ይህንን የሚቀምሱት ሀገራቸው ተቀምጠው ነው። ሃይስኩል ሲገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በቋንቋ ላይ አላሳብብም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍና የኩረጃ ጉዳይም አለ። ግን ከወደቁት ውስጥ ትምህርቱን ሳይሆን ጥያቄውን ያልተረዳው ስንቱ ነው? ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር ገብቶኛል፦ በትክክል ያልለካነውን ሀብት እናባክነዋለን። የልጅን ችሎታ በማያውቀው ቋንቋ ለክቶ ሰነፍ ነህ ማለት ብክነት ነው።

የሐኪሙ መጨረሻ ሐዘን አለበት። የጨርጨር ገዥ፣ በወረራው ዋዜማም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። እንግሊዝ ያስተማሯቸው ሁለቱ መሐንዲስ ልጆቻቸው፣ ቤንያምና ዮሴፍ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እሳቸው ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት የምታስጠኑ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። በእንግሊዝኛ ያቃተውን ጥያቄ ደብተሩን ዘግታችሁ በአፍ መፍቻው ጠይቁት። ከመለሰ፣ የቸገረው ትምህርቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የምታስጠኑት ነገር ይለያል።