ሥራ ይቀድማል፤ ስም ይከተላል

የአንድ ተማሪ ቤት ክብር በሕንፃው ቁመትና በስሙ ታላቅነት የሚለካ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር የሚገኘው ማውንት ሆልዮክ ከተከፈተ በኋላ ኮሌጅ የሚለውን ስም ሳያገኝ 50 ዓመት ያህል ሲያስተምር ኖሯል። ሥራው አስቀድሞ ስለ ተገኘ ስሙ በኋላ ሳይወድ በግዱ ተከተለው። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ የመሥራቺቱን የሜሪ ላየንን ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል።

ሜሪ ላየን በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1797 ዓመት በክላንድ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደች። አባቷ የሞተባት ገና በ5 ዓመቷ ነው። 13 ዓመት ሲሆናት እናቷ ሌላ ባል አግብታ ሄደች፤ ሜሪም ለወንድሟ ቤት እየጠበቀችለት፤ እየጋገረችና እየፈተለች ቀረች። ለድካሟም በሳምንት 1 ዶላር ይከፍላት ነበር። በ1814 ዓመት፤ 17 ዓመት ሲሞላት፤ ሼልበርን ፎልስ በተባለ ስፍራ ከቀለብ ሌላ በሳምንት 75 ሳንቲም እየተከፈላት ሕፃናትን ታስተምር ጀመር። ከዚያም ወዲህ አስተምራ ያገኘችውን ገንዘብ ለመማሪያ፤ የተማረችውንም ለማስተማሪያ እያደረገች ብዙ ዓመት ቈየች። በኋላ የአምኸርስት ኮሌጅ አለቃ ከሆነው ከኤድዋርድ ሂችኮክም የሥነ ፍጥረትን ዕውቀት ቀሰመች።

በዚያ ዘመን ሐርቫርድና ዬል የመሳሰሉት ታላላቅ ኮሌጆች በራቸው ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ነበር። የሴቶች ተማሪ ቤቶች ባይጠፉም ብዙዎቹ የራሳቸው ርስትና ሀብት ስለሌላቸው በአንዲት መምህርት ሕይወት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ፤ እርስዋ የታመመች ወይም የሄደች እንደ ሆነ ተማሪ ቤቱም አብሮ ይዘጋል። ክፍያውም ከፍ ያለ ስለሆነ የድኻ ገበሬ ልጅ አትደርስበትም። ሜሪ ላየን ከባልንጀራዋ ከዚልፋ ግራንት ጋር በኢፕስዊች ስታስተምር ይህንን ጉድለት በዓይኗ አየች። ስለዚህ መምህርቲቱ ብትሞት የማይሞት፤ ድኻም የማይርቀው ተማሪ ቤት ለማቆም ቈረጠች።

በ1834 ዓመት ኢፕስዊችን ትታ አረንጓዴ የከፈይ ቦርሳ ይዛ ከከተማ ወደ ከተማ ገንዘብ ለመለመን ተነሣች። ሴት ብቻዋን እየዞረች ገንዘብ መለመኗ ነውር ነው እያሉ የነቀፏት ነበሩ፤ እርስዋ ግን ነቀፌታውን ከልመናው ድካም ጋር ተሸከመችው። የመጀመሪያውን 1,000 ዶላር የሰጡ የኢፕስዊች ሴቶች ናቸው። በወንጌል እንደ ተመሰገነችው መበለት ከድኽነቱ ቈርሶ 6 ሳንቲም የሰጠ እንኳ አልታጣም። ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሆነና፤ ተማሪ ቤቱ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1836 ዓመት ከመንግሥት የመቋቋሚያ ፈቃድ አገኘ። በሚከተለው ዓመት አገሩን ሁሉ የገንዘብ ችግር ቢመታውም ሥራው አልታጐለም፤ ኖቬምበር 8 ቀን 1837 ዓመት በሳውዝ ሃድሊ ሕንፃው ሳያልቅ 80 ተማሪዎች ገቡበት።

የትምህርቱና የቀለቡ ዋጋ በዓመት 60 ዶላር ብቻ ሆነ። ዋጋው ሊቀንስ የቻለው ምግብ ማብሰሉንና ቤት መጥረጉን ተማሪዎቹ ራሳቸው ተካፍለው ስለ ሠሩት ነው። ሜሪ ላየንም ለራሷ በዓመት 200 ዶላር ብቻ ትቀበል ነበር። ዋጋው ዝቅ ሲል ግን ትምህርቱ ዝቅ አላለም። ለመግባት ብርቱ ፈተና ነበር፤ ለመመረቅም በሒሳብና በሥነ ፍጥረት 7 ትምህርቶችን መፈጸም ግድ ነበር። የኬሚስትሪውን ትምህርት እርስዋ ራሷ እያስተማረች ተማሪዎቹ በእጃቸው እየፈተኑ እንዲያውቁት ታደርግ ነበር።

ማርች 5 ቀን 1849 ዓመት በተላላፊ የቆዳ በሽታ በ52 ዓመቷ ሞተች፤ በተማሪ ቤቱም ግቢ ተቀበረች። ያ የፈራችው ፈተና የመጣ ያን ጊዜ ነው፤ መምህርቲቱ ስትሞት ተማሪ ቤቱ ይኖራልን? ተማሪ ቤቱ ግን ኖረ። ተማሪዋ ፊደሊያ ፊስክ ቀደም ሲል በ1843 ዓመት ወደ ፋርስ ሄዳ በኡርሚያ ሴቶች ልጆችን ማስተማር ጀምራ ነበር። ሌሎች ሁለት የማውንት ሆልዮክ ምሩቃን ደግሞ በ1874 ዓመት በደቡብ አፍሪካ በዌሊንግተን በዚሁ አብነት ተማሪ ቤት ከፈቱ። በ1888 ዓመት የኮሌጅነት መብት ተሰጠውና ዲግሪ ለመስጠት ቻለ፤ በ1893 ዓመትም ስሙ ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ተባለ። መሥራቺቱ ከሞተች 44 ዓመት ሆኗት ነበር።

ኮሌጁ ሰውን ለአንድ ሞያ ብቻ ሳይሆን ለጠቅላላ ዕውቀት የሚያዘጋጅ ነው፤ የተማሪዎቹም ቍጥር ዛሬ ወደ 2,000 ግድም ስለሆነ ከትንንሾቹ ወገን ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በ1902 ዓመት የተመረቀችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 ዓመት የሥራ ሚኒስትር ሆና በአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያይቱ ሴት ሚኒስትር ሆነች። በ1929 ዓመት የተመረቀችው ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 ዓመት ባወጣችው መመዘኛ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚወለዱ ሕፃናት ጤንነት በተወለዱበት ደቂቃ ይመረመራል። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም በ1987 ዓመት የሜሪ ላየንን መልክ በቴምብር ላይ አተመ።

ይህ ሁሉ ምስጋና የመጣው እርስዋ ካለፈች በኋላ ነው። በሕይወቷ ሳለች የኮሌጅን ስም አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው መሠረቱ እንዲጸና፤ ትምህርቱ እንዳይላላ፤ በሩም ለድኻ ልጅ እንዳይዘጋ ነው። ተማሪ ቤት የሚያቆም ሁሉ አስቀድሞ እነዚህን ሦስቱን ያሰናዳ፤ ስሙን የሚያወጣለት የሚወጡት ተማሪዎች ሥራ ነው።