የነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ምላስ

ነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ አላህን ከለመኑት ነገር አንዱ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ነበር። ምክንያቱም ዱዓው ውስጥ አለ፤ ሰዎቹ ንግግራቸውን እንዲረዱ ነው (ጧሃ 27-28)።

የተፍሲር ኪታቦች ቋጠሮው በልጅነታቸው አፋቸውን ካቃጠለ ፍም የመጣ እንደሆነ ይተርካሉ። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን የዱዓው ልክ ነው። ኢብኑ ከሲር እንዳብራሩት፣ የጠየቁት ችግሩ ጨርሶ እንዲጠፋ ሳይሆን መልእክቱን ለማስረዳት የሚበቃውን ያህል ነበር። አንደበተ ርቱዑ ወንድማቸው ሃሩንም (ዐ.ሰ) ረዳት ሆነው ተሰጧቸው።

ፊርዐውን ይህችን ነገር አልለቀቃትም። የንግግራቸውን ግልጽ አለመሆን እያነሳ በሕዝቡ ፊት አጣጣላቸው (ዙኽሩፍ 52)። ስናስተምር እንዳየነው፣ የሚንተባተብ ልጅ ሲያነብ ክፍሉ ከሳቀበት፣ ልጁ ቀስ በቀስ እጅ ማውጣት ይተዋል።

ታዲያ የሙሳ (ዐ.ሰ) አድማጮች ሳይረዱ ቀሩ? በቀጠሮው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ ድግምተኞቹን በአላህ ላይ ውሸት እንዳይቀጥፉ በአጭሩ አስጠነቀቋቸው። ድግምተኞቹ ወዲያው እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፤ መንሾካሾክም ጀመሩ (ጧሃ 61-62)። በትሩ ገና አልተጣለም ነበር።