ሳቸል ፔጅ፡- በ42 ዓመቱ “ጀማሪ” የተባለው የቤዝቦል ኮከብ

በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ ወርዋሪው (ፒቸር) የቡድኑ የጀርባ አጥንት ነው፡፡ ዋና ሥራውም የተጋጣሚው መቺ ኳሷን በዱላው እንዳያገኛት አድርጎ መወርወር ነው፡፡ በዚህ ሙያ ከታወቁት አሜሪካውያን አንዱ ሳቸል ፔጅ ነበር፡፡

ሌሮይ ፔጅ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1906 በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፡፡ በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ሻንጣ ይሸከም ስለነበር ቦርሳ የሚል ትርጉም ያለው “ሳቸል” የሚለው ቅጽል ስም ወጣለት፡፡ በ12 ዓመቱ በስርቆት ተይዞ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተላከ፡፡ የኳስ አወራወርን በደንብ የተማረውም እዚያው ነው፡፡

በ1926 ጨዋታን መተዳደሪያው አደረገ፡፡ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ትልቁ ሊግ በሩን ለጥቁሮች ዘግቶ ነበር፡፡ ክልከላው በሕግ ያልተጻፈ ቢሆንም የቡድን ባለቤቶች አጥብቀው ያከብሩት ነበር፡፡ በዚህ ምክንያት ፔጅ የጉልበቱን ዘመን ለፒትስበርግ ክሮፎርድስና ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በመሰሉ የጥቁሮች ቡድኖች ሲጫወት አሳለፈ፡፡ ከሊግ ውጪ በሚደረጉ ግጥሚያዎች የነጮቹን ኮከቦች ይገጥም ስለነበር ችሎታውን የማያውቅ አልነበረም፡፡

በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ክልከላውን ሰበረ፡፡ ፔጅ ደግሞ በ1948፣ ልክ በ42ኛ ዓመት የልደት ቀኑ፣ ለክሊቭላንድ ፈረመ፡፡ በዕድሜው ብዙዎች ቢያፌዙም ስድስት ጨዋታ አሸንፎ በአንዱ ብቻ ተሸነፈ፤ ክሊቭላንድም የዓመቱን ሻምፒዮና ወሰደ፡፡ በ1965 በ59 ዓመቱ ለካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ተሰልፎ ለሦስት ዙር ሲወረውር አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም፡፡

በ1971 በቤዝቦል የዝና አዳራሽ እንዲሰፍር ተመረጠ፡፡ መጀመሪያ የታሰበው ግን የጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾችን ለብቻቸው ማስቀመጥ ነበር፡፡ ሐሳቡ የቀረው ከፍተኛ ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ ነው፡፡

ፔጅ ጁን 8 ቀን 1982 በካንሳስ ሲቲ አረፈ፡፡ በ2020 የጥቁሮቹ ሊጎች ከትልቁ ሊግ እኩል ዕውቅና አገኙ፤ ውጤታቸውም በ2024 ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀለ፡፡ የወጣትነት ዘመኑ ድሎች በይፋ የተቆጠሩለት ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፡፡