ገንዘብ ያዡ ኬንስ

ጆን ሜይናርድ ኬንስን በዲፓርትመንታችን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከመጀመሪያው የማክሮ ኮርስ ጀምሮ ስሙ ከሰሌዳ አይጠፋም። ሥራ አጥነት ሲበዛ መንግሥት ወጪውን ይጨምር ያለ ሰው ነው ብለን አጥንተነዋል፤ ተፈትነንበታል፤ አንዳንዶቻችንም ከፈተናው አዳራሽ ስንወጣ እዚያው ትተነዋል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላኛው ኬንስ፣ የሌሎችን ገንዘብ በአደራ ተቀብሎ ከሃያ ዓመት በላይ ስላስተዳደረው ሰው ነው። መቼም ዘላቂ ኢንቨስትመንት በተነሳ ቁጥር የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ አብሮ መነሳቱ አይቀርም። የነገውን ያወቀ ገንዘቡን የት እንደሚያኖር ያውቃል ነው ነገሩ። እስቲ ከማንም በላይ ትንበያ አውቃለሁ ማለት ይችል የነበረው ይህ ሰው ምን እንደገጠመው እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1883 በእንግሊዟ ካምብሪጅ ከተማ ነው። አባቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እናቱ ደግሞ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ለመሆን የበቁ ሴት ነበሩ። ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አጠና፤ ለሁለት ዓመት ያህል በመንግሥት ቢሮ ሠርቶ በ1908 ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ቀጠረው፤ በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤም ግምጃ ቤቱን ወክሎ ተገኘ። ጀርመን ልትከፍለው የማትችለው የጦር ካሳ ሲጫንባት አይቶ ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የሰላም ውሉ ስለሚያመጣው ኢኮኖሚያዊ መዘዝ የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። ስሙም በአንዴ ዓለምን አዳረሰ።

ኬንስ በብዕሩ የተነበየውን በኪሱም ሊሞክረው ተነሳ። ጀርመን ከደኸየች የጀርመን ማርክ ዋጋ ይወድቃል፤ እንግዲያው ማርክን አስቀድሞ ሸጦ ዶላር መያዝ ነው። በፈረንሳይ ፍራንክና በጣሊያን ሊራም ላይ እንዲሁ አደረገ። የገባበት በራሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዘመድና የጓደኞቹንም ይዞ፣ በዚያ ላይ ተበድሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ትርፉ ጥሩ ነበር። በግንቦት 1920 ግን ማርክ ለጥቂት ሳምንታት ሽቅብ ወጣ፤ ኬንስ ደግሞ እነዚያን ጥቂት ሳምንታት የሚያሻግረው ገንዘብ በእጁ አልነበረም። ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ሄደ። ሰር ኧርነስት ካሰል የተባሉ ባለሀብት 5,000 ፓውንድ ባያበድሩት ኖሮ ጉዱ ፈልቶ ነበር። ማርክ እሱ እንዳለውም በ1923 ተራ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ትንበያው ትክክል ነበር፤ ተንባዩ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ከስሯል። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ቆም ብዬ ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው።

ኪንግስ ኮሌጅ በ1919 ምክትል የገንዘብ ኃላፊ፣ በ1924 ደግሞ ዋና ኃላፊ አደረገው። (እንዲያ ያለ ኪሳራ ለደረሰበት ሰው ሌላ ቦታ ቢሆን ካዝና ቀርቶ ቁልፍም አይሰጡትም ነበር!) የኮሌጁ ሀብት ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የእርሻ መሬትና ቁርጥ ወለድ የሚከፍል ቦንድ ነው። ኬንስ ከመሬቱ ከፊሉ እንዲሸጥ አሳመነ፤ በ1920ም በ30,000 ፓውንድ «ሣጥን» የሚባል ፈንድ ተቋቋመ። ከዚህ ፈንድ ላይ አክሲዮን እንደ ልቡ መግዛት ይችል ነበር፤ ለዘመኑ ኮሌጆች ይህ ድፍረት ነው።

በ1920ዎቹ ዘዴው ይህ ነበር፦ የኢኮኖሚውን መሞቅና መቀዝቀዝ ቀድሞ አይቶ መግዛትና መሸጥ። ዴቪድ ቻምበርስና ኤልሮይ ዲምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የኮሌጁን መዛግብት መርምረው በ2013 ያወጡት ጽሑፍ እንደሚያሳየው በዚህ ዘዴ ከገበያው በታች ነው የዋለው። በግሉም በጎማ፣ በበቆሎ፣ በጥጥና በቆርቆሮ ዋጋ ላይ ገብቶ በ1928 ክፉኛ ተመታ። በ1927 መጨረሻ 44,000 ፓውንድ የነበረው ሀብቱ በ1929 መጨረሻ ከ8,000 በታች ሆነ። የ1929ኙን የኒው ዮርክ ውድቀትም አስቀድሞ አላየውም።

ከዚህ በኋላ ነው ሰውየው የተለወጠው። የዓለምን ነገ መገመቱን ተወና አንድን ድርጅት ማወቅ ጀመረ። ምን ይሠራል? ማን ይመራዋል? ዋጋው ከእውነተኛ ጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው ወይ? የመረጣቸው ጥቂት ነበሩ፤ የመረጠውን ደግሞ ለዓመታት አይለቅም። በ1936 ባሳተመው በዋናው መጽሐፉ ምዕራፍ 12 ላይ ይህንኑ በቲዎሪ አስቀምጦታል። የአክሲዮን ገበያን ከጋዜጣ የቁንጅና ውድድር ጋር ያመሳስለዋል፤ ተወዳዳሪው ቆንጆ የሚላትን አይመርጥም፣ ሌሎቹ ትመረጣለች ብለው የሚገምቷትን ይገምታል እንጂ። ስለዚህ አክሲዮን መግዛት እንደ ጋብቻ የማይፈታ ቢሆን ሰው አርቆ ያስብ ነበር የሚል ሐሳብም ይሰነዝራል፤ ሆኖም ገንዘቡን በፈለገው ጊዜ ማውጣት የማይችል ሰው ከነጭራሹ ላያወጣው እንደሚችል አልሳተውም። ማክሮ ስንማር ይህን ምዕራፍ እንዘለዋለን፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚነበበው እሱ ይመስለኛል።

በቃሉ ጸንቶ እንደሆነ የታየው በ1937 እና 1938 ነው። ገበያው ወደቀ፤ የራሱ ሀብት በግምት ሁለት ሦስተኛው ጠፋ፤ በላዩ ላይ ጽኑ የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጥሎታል። ሊቀ መንበሩ የሆነበት የናሽናል ሙችዋል ኢንሹራንስ ቦርድ ለምን አልሸጥክም እያለ ወጠረው። ኬንስ ግን ዋጋ ሲወርድ ሁሉም ልሽሽ ካለ አገር እንደሚፈርስ፣ በርጋታ ይዞ መክሰርም አንዳንዴ የባለአደራ ግዴታ እንደሆነ ጽፎ ተከራከረ። በ1938 ሊቀ መንበርነቱን ለቀቀ። አክሲዮኖቹ ግን በኋላ አገገሙ።

ታዲያ ኬንስን የዘላቂ ኢንቨስትመንት አባት እንበለው? እኔ አልልም። በ1930ዎቹ ከያዛቸው ትልልቅ አክሲዮኖች አንዱ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን የሚሠራው ዩኒየን ኮርፖሬሽን ነበር። ያንን ወርቅ ከመሬት ሆድ የሚያወጡት ጥቁሮች ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ተነጥለው በካምፕ የሚኖሩ፣ ደመወዛቸው ከነጮቹ ጋር የማይወዳደር። ኬንስ የማዕድኑን ትርፍ በጥንቃቄ አስልቷል። የቆፋሪው ጉዳይ በስሌቱ ውስጥ የለም። ጊዜን በተመለከተ ታጋሽ ነበር፤ ትዕግሥቱ ግን በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ አልጠየቀም። ዛሬ «ዘላቂ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ፈንድ ሁሉ ስመለከት ይህቺው ጥያቄ ትመጣብኛለች።

ትንበያን ጨርሶ ተወ ማለት አይደለም። በ1930 ባሳተመው ድርሰቱ በመቶ ዓመት ውስጥ የበለጸጉት አገሮች ኑሮ ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ እንደሚያድግ፣ ሰውም በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ሠርቶ እንደሚያድር ገምቷል። እድገቱ ከሞላ ጎደል ደርሷል። የ15 ሰዓቷን ነገር ግን መምህሮቻችን ቢሰሟት ይስቃሉ። ድርሰቱ እድገቱ ለማን እንደሚደርስ ብዙም አይነግረንም።

በሐምሌ 1944 በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ የ44 አገሮች ተወካዮች ሲሰበሰቡ ኬንስ የዓለም ባንክን ያቋቋመውን ኮሚሽን መራ። ከወረራው ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመቷ የነበረው ኢትዮጵያም ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንን ልካ ነበር። ኬንስ ለዓለም ንግድ «ባንኮር» የሚባል የጋራ የሂሳብ ገንዘብ እንዲኖር፣ ተበዳሪ ብቻ ሳይሆን ትርፍ የሚያከማች አገርም ሸክም እንዲጋራ አስቀድሞ አቅዶ ነበር። አሜሪካኖቹ አልተቀበሉትም፤ የሃሪ ዴክስተር ኋይት እቅድ አሸነፈ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አገር ተማሪ ይህ ሽንፈት ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ኬንስ ሚያዝያ 21 ቀን 1946 በትንሣኤ ዕለት በገጠር ቤቱ ሞተ፤ 62 ዓመቱ ነበር። በ30,000 ፓውንድ የተጀመረው ሣጥን 380,000 ገደማ ደርሶ ነበር። የኮሌጁ የገንዘብ ኃላፊነት እስከዚያች ቀን ድረስ በእጁ ነበር።