ቅዱስ ያሬድና የዜማ ምልክቶቹ

ቅዱስ ያሬድ የኢትዮጵያ ዜማ አባት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ በመሞቱ እናቱ ታውክልያ መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ከቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ዐረፈ፤ በዚያም አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትወጣ ተመለከተ። ከዚህ በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሶ በትጋት ተማረ።

በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች መሠረተ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ጥንታዊው የጣና ቂርቆስ ገዳምም ሊቁ ተቀምጦ ያስተማረበት ስፍራ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በመጨረሻ ንጉሡን አስፈቅዶ ወደ ሰሜን ተራሮች በመሄድ በብሕትውና ኖረ። ዕረፍቱ ግንቦት 11 ቀን ይታሰባል።

ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረበት መንገድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ጭረት ያሉት ምልክቶች የድምፁን አካሄድ ያሳያሉ። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍሩ የፊደል ምልክቶች አሉ፤ እነዚህንም በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ይጠራል። ስለዚህ ያ ሐረግ በየበዓሉ መዝሙር በተደጋገመ ቁጥር እንደገና በዝርዝር መጻፍ አያስፈልገውም።

የቃሉ ጽሑፍ ግን በእጅ ይገለበጣል። በቀደመው ሥርዓት የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ራሱ በብራና ይጽፍ ነበር፤ በአንዱ ቅጂ የተሳተ ቃል ከእርሱ ወደሚገለበጠው ይተላለፋል፤ እርማቱም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ መደገም አለበት። የዜማው ሐረግ ግን ከመምህሩ ዘንድ አንድ ጊዜ ከታረመ ምልክቱ ባለበት ሁሉ ታርሞ ይዜማል።

ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች የሚገጥማቸው ምርጫ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንድን ኮድ በየፕሮጀክቱ የሚገለብጥ ባለሙያ ስሕተቱንም አብሮ ያባዛል፤ ሲያርምም በየቦታው መፈለግ ይኖርበታል። ኮዱን በአንድ ሞጁል አስቀምጦ በስሙ የሚጠራ ግን አንድ ቦታ ያርማል። ይሁንና የተጠራው ሞጁል ከሌለ ፕሮግራሙ አይሠራም።

የያሬድ ቅርስም በዚሁ ሕግ ይኖራል። ምልክቱ በብራና ላይ ሳይደበዝዝ ቢቆይም፣ የሚጠራውን ዜማ በልቡ የያዘ መምህር ካልተገኘ ምልክቱ ድምፅ አልባ ይሆናል። በጋይንት የሚገኙት የቤተልሔም የድጓና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ጉባኤያት ዋጋቸው በዚህ ላይ ነው። መጽሐፉን መጠበቅና የሚያዜመውን ሰው ማፍራት የማይነጣጠሉ ሥራዎች ናቸው።