ዊልያም ዊልበርፎርስ

ዊልያም ዊልበርፎርስ እ.ኤ.አ. በ1759 በእንግሊዝ አገር ሀል በተባለች የወደብ ከተማ ከሀብታም ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ21 ዓመቱም የከተማዋ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ መርከቦች አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስረው ባሕር እያሻገሩ ይሸጡ ነበር። ዊልበርፎርስ ይህ ንግድ እንዲቀር ጠየቀ። በ1791 ግን ሐሳቡ በ163 ተቃውሞና በ88 ድጋፍ ወደቀ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙዎች ዓላማውን ለአገር አደገኛ አድርገው ቆጠሩት። እርሱ ግን አቋሙን ሳይለውጥ ረቂቁን ደጋግሞ አቀረበ። በመጨረሻም በ1807 ምክር ቤቱ በ283 ድጋፍና በ16 ተቃውሞ ረቂቁን ደገፈ፤ የባሪያ ንግድም በሕግ ታገደ።

ይሁን እንጂ ቀድሞ የተሸጡት በባርነት ቀሩ። ዊልበርፎርስ በ1833 በሞት አልጋው ላይ ሳለ፣ እነርሱን ነጻ የሚያወጣው ሕግ መጽደቁ እንደማይቀር ሰማ፤ ከ3 ቀንም በኋላ ዐረፈ።